በረሓው ባዶ አይደለም

የዳሎልን ፎቶግራፍ ያየ ሁሉ ቢጫውንና አረንጓዴውን አይቶ «ግሩም ነው!» ይላል። እኔ በበኩሌ አብዛኛው በድን ነው ባይ ነኝ፤ ይኸውም በቀትር ስለሚነሣ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ የጨዉ ስንጥቅና ጉብታ አይለይም። ማለዳ በጎን ስትመታው ግን የመሬቱ አጥንት ይታያል። ነጩ ጨውም የካሜራውን ብርሃን መለኪያ ያታልለዋልና፣ ብርሃን ካልተጨመረለት ዐመድ መስሎ ይወጣል።

ይህስ ትንሹ ነገር ነው። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚያ ሜዳ ጨው የሚቆርጡትን ሰዎች «ትርዒቱን ያበላሻሉ» ብለው ከፎቶግራፉ የሚያስወጡ ጓደኞች አሉን። የሜዳውን ስፋት የሚነግረን እኮ ያ ጎንበስ ያለው ሰው ነው! ፈቃዱን ጠይቆ ማንሣት፣ ከወደደም ስሙን ከግርጌ መጻፍ ምን ይከብዳል? የግመሉን ብቻማ ሁሉም ያነሣዋል።