ጥጥ ማመቂያው መኪና ወገን የለውም ወይ?

መኪና ወገን የለውም የሚለው አነጋገር በግቢያችን እየተዘወተረ መጥቷል። በክርክር መድረክ ይነገራል፤ በሥዕል ጠረጴዛ ዙሪያ ይነገራል፤ ከመምህሮቻችንም አንዳንዶቹ ትምህርታቸውን በዚሁ ይዘጋሉ። ሐሳቡ አጭር ነው። የተሻለ መኪና ሥራን ያፋጥናል፣ የተፋጠነ ሥራ ሀብትን ያበዛል፣ የበዛው ሀብትም ውሎ አድሮ ለሁሉም ይዳረሳል። «ውሎ አድሮ» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን። ስንት ተውሎ ስንት እንደሚታደር የሚነግረን ሰው ግን እስካሁን አላገኘንም።

እኛ ይህን አነጋገር በጭፍን ለመቃወም አልተነሣንም፤ በአንድ መኪና ልንፈትነው ነው እንጂ። የመረጥነውም ማንም የማያደንቀውን፣ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ግማሽ ገጽ እንኳ የማይሰጠውን የጥጥ ማመቂያ ነው።

ጥጥ ተለቅሞ ፍሬው በመዳመጫ ከወጣለት በኋላ የላላ ነገር ነው። እናቶቻችን ባዘቶውን በሙዳይ ሲያኖሩ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ትንሹ ክብደት ብዙ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ጥጡን ሩቅ አገር ልኮ ሊሸጥ የሚፈልግ ሰው ኪራይ የሚከፍለው ለጥጡ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ላለው አየር ጭምር ነው። ማመቂያ ማለት ይህን አየር የሚያስወጣ መኪና ነው። ታምቆ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በጠፍር የታሰረውን ጥቅል የልብስ ነጋዴዎቻችን ቦንዳ ይሉታልና እኛም ቦንዳ እንበለው።

የማመቂያ ታሪክ በስፋት የሚታየው በአሜሪካ ደቡብ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ኢላይ ዊትኒ በ1793 መዳመጫውን ከሠራ በኋላ ፍሬ ማውጣቱ ቀለለ፤ ማመቁ ግን ገና በእግር ነበር። ከወለል ቀዳዳ ላይ ረጅም ከረጢት ይንጠለጠላል፤ አንድ ባሪያ ውስጡ ይገባል፤ ከላይ ጥጥ ይጨመርበታል፤ እርሱም በእግሩ እየረገጠ፣ በዘነዘና እየወቀጠ፣ ከረጢቱ በሞላ ቁጥር ከጥጡ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። አቧራውን የሚውጠው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ቀጥሎ የመጣው የእንጨት ብሎን ነው። ከትልቅ ግንድ የተጠረበ ጠመዝማዛ ብሎን ከሣጥን በላይ ይቆማል፤ ከራሱ ላይ ተነሥተው ወደ መሬት የሚወርዱ ሁለት ረጃጅም ክንዶች አሉት፤ በቅሎዎች ክንዶቹን እየጎተቱ ሲዞሩ ብሎኑ ይወርድና ጥጡን በሣጥኑ ውስጥ ያምቀዋል። ሜካኒክስ የተማረ እንደሚያውቀው ብሎን ማለት በዘንግ ላይ የተጠቀለለ ተዳፋት ነው፤ ትንሽ ኃይል ረጅም መንገድ ተጉዞ ትልቅ ግፊት ይሆናል። በእውነት የሚያምር ሐሳብ ነው። በእግር ከሚረገጠው የከበደና የጠበበ ቦንዳ ወጣ። መጽሐፋችን እዚህ ላይ «መሻሻል» ይልና ገጹን ይገለብጣል።

እኛ ግን ገጹን ከመገልበጣችን በፊት ሌላ መጽሐፍ እንክፈት። ሞዝስ ሮፐር የተባለ ከአሜሪካ ባርነት ያመለጠ ሰው በ1837 ለንደን ላይ የሕይወቱን ታሪክ አሳትሟል። በመጽሐፉ ውስጥ የጥጥ ማመቂያ ሥዕል አለ። ሥዕሉ እኛ ለመምህሮቻችን እንደምናቀርበው የቴክኒክ ሥዕል በፊደል ምልክት የተደረገበት ነው። ብሎኑ የራሱ ፊደል አለው፤ የሚያምቀው ግንድ ሌላ ፊደል አለው፤ ጥጡ የሚገባበት ሣጥንም ሌላ። ከፊደሎቹ አንዱ ግን በማናቸውም የሜካኒክስ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ ሮፐር በእጆቹ የተሰቀለበትን ቦታ ያመለክታልና። ከደቡብ ካሮላይና ጌታው ለማምለጥ ሞክሮ በተያዘ ጊዜ ጌታው በማመቂያው ላይ በእጆቹ ሰቅሎ ከመሬት ከፍ አድርጎ አዞረው። ጥቂት አሳረፈውና እንደገና አዞረው። በመጨረሻም አውርዶ ጥጥ በሚታመቅበት ሣጥን ውስጥ ከተተውና አሥር ደቂቃ ያህል ዘጋበት።

ሥዕሉን እዚህ ልናትመው ፈልገን ነበር፤ ስቴንስሉ ግን እንዲህ ያለውን ቀጭን መስመር አይችልም። መጽሐፉን ያገኘ ተማሪ ሥዕሉን ካየ በኋላ የራሱን የሥዕል ወረቀት ይመልከት፤ በየትኛው ፊደል ላይ ሰው እንደሚቆም ራሱን ይጠይቅ።

ተከራካሪዎቻችን ጥፋቱ የጌታው እንጂ የብሎኑ አይደለም ማለታቸው አይቀርም። እውነት ነው፤ እንጨት አይኮነንም። ነገር ግን ጌታውን ከመኪናው ለይቶ ማስቀመጥ እንደሚወራው ቀላል ነው ወይ? መዳመጫውና ማመቂያው አንድ ላይ ሆነው ጥጥን ርካሽ ጭነት አደረጉት። ርካሹ ጭነት ሊቨርፑል ደረሰ፤ የሊቨርፑል ገበያም ጨምሩ አለ፤ የተጨመረው ጥጥ ተጨማሪ እጅ ጠየቀ። በ1790 በአሜሪካ 700,000 ያህል ባሮች ነበሩ። በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሱ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ በዓመት የምታመርተው ጥጥም ወደ 4 ሚሊዮን ቦንዳ ነበር። ለአንድ ባሪያ አንድ ቦንዳ መሆኑ ነው። ሥራ ያቀልላሉ የተባሉት መኪናዎች ሥራውን ለማን እንዳቀለሉ ከዚህ ቁጥር ላይ ማንበብ ይቻላል።

አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በጆርጂያና በካሮላይና የባሕር ዳርቻ ደሴቶች ላይ የሚበቅለው፣ ፋይበሩ ረጅም የሆነው ውድ ጥጥ በብሎን ሲታመቅ ይጎዳል ተብሎ ይፈራ ነበር። ስለዚህ ሌላው ጥጥ ወደ መኪና ከተሻገረ በኋላም ለዚህኛው ሰው ከረጢት ውስጥ እየገባ ይረግጥ ነበር። እንግዲህ ጥጡ ርካሽ በሆነበት ቦታ ሰውየው ከከረጢቱ ወጣ፤ ጥጡ ውድ በሆነበት ቦታ ሰውየው እዚያው ቀረ። የሰውየው ሳንባ በሒሳቡ መዝገብ ላይ በገቢም በወጪም በኩል አልተጻፈም።

ከባርነት ዘመን ጀምሮ በየወደቡ የቆሙት የእንፋሎት ማመቂያዎች ባርነት በ1865 ከቀረ በኋላ እየገዘፉ ሄዱ። ሥራቸው ከገጠር መዳመጫ የመጣውን ልል ቦንዳ ለመርከብ ሲባል እንደገና መጨመቅ ነው። በኋላ በጸናው መለኪያ ልሉ ቦንዳ በሜትር ኩብ 190 ኪሎ ግድም ሲሆን ለባሕር ጉዞ የሚታመቀው ከ500 ኪሎ ያልፋል። ያም ሆኖ መርከቡ ውስጥ ክፍተት አይጠፋም። ስለዚህ በኒው ኦርሊንስና በጋልቨስተን ወደቦች ስክሩመን የሚባሉ ሠራተኞች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሾፌር ጎማ ሲቀይር መኪናውን እንደሚያነሣበት ባለ ክሪክ፣ ግን በከበደው፣ ቦንዳውን እየገፉ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ያጭቁታል። ሞልቷል በተባለ ቦታ ላይ ሌላ ቦንዳ ማስገባት ትልቅ ሙያ ነበር። የኒው ኦርሊንሶቹ በ1850 ማኅበር አቋቁመው ነበር።

በ1907 በኒው ኦርሊንስ የመርከብ ወኪሎች በቀን የሚታጨቀው ቦንዳ ቁጥር ይጨመር አሉ። ወደ 10,000 የሚጠጉ የወደብ ሠራተኞች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ሥራ አቆሙ። በዚያ ከተማ በዚያን ዘመን ጥቁርና ነጭ በአንድ የባቡር ፉርጎ እንዳይቀመጡ ሕግ ይከለክል ነበር። ቦንዳ የሚያጭቁት ሠራተኞች ግን ሥራውን እኩል ለእኩል ለመካፈል ተስማምተው ነበር። ድር ቢያብር ምን እንደሚያስር ለአንባቢ አንነግርም። ጠቡ ስለ ብረት ጥራት አልነበረም፤ ጠቡ ስለ ቁጥር ነበር፤ ቁጥሩን የሚወስነው ማን ነው በሚል ነበር። ከጊዜ በኋላ ማመቂያዎቹ ይበልጥ ሲያጠብቁ፣ መርከቦቹም ሲሰፉ፣ ክሪኩ አላስፈለገም። ያ ሁሉ ሙያም አብሮ ከመርከቡ ወጣ።

ስለ ውል ደግሞ እንናገር፤ ይህን ነገር በክፍል ውስጥ ማንም አያነሣውምና። በ1890ዎቹ አሜሪካን ኮተን ካምፓኒ የተባለ ኩባንያ ጥጥን እንደ ምንጣፍ የሚጠቀልል፣ ክብ ቦንዳ የሚሠራ መኪና አመጣ። በቴክኒክ በኩል የሚነቀፍበት ብዙ አልነበረም። ቦንዳው ጠባብ ነው፤ ወደብ ደርሶም ሁለተኛ መጨመቅ አያስፈልገውም። ነገር ግን ኩባንያው መኪናውን አይሸጥም፤ ያከራያል። ብዙ ገበሬዎች ጥጣችን በአንድ ኩባንያ እጅ ሊወድቅ ነው ብለው ሠጉ፤ ክቡም ቦንዳ ሳይስፋፋ ቀረ። ገበሬ አዲስ ነገር ስለሚፈራ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ገበሬው መኪናውን ከመሐንዲሱ አብልጦ አይቶታል እንላለን። መሐንዲሱ ያየው ብረቱን ነው፤ ገበሬው ውሉንም አንብቧል።

መኪና ጠል ናችሁ እንዳንባል አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ሰውየው ወደ ከረጢቱ ይመለስ የሚል ከመካከላችን የለም። ዛሬ በመዳመጫ ፋብሪካ ውስጥ ጥጡን ወደ ሣጥኑ እየገፋ የሚጠቀጥቀው ብረት በእንግሊዝኛ ትራምፐር ይባላል፤ ረጋጭ ማለት ነው። የሰውየው ስም ለብረቱ ተሰጠው፤ እግሩም ዐረፈ። ይህን እንደግፋለን። በሃይድሮሊክ ኃይል የሚሠራው ማመቂያም 218 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን የአሜሪካ ቦንዳ እዚያው መዳመጫው ውስጥ በሜትር ኩብ እስከ 450 ኪሎ አጥብቆ ስለሚያወጣው የወደቡን ሁለተኛ መጨመቅ አስቀርቷል። ይህም መልካም ነው። ክርክራችን አንድ ብቻ ነው፤ መኪናው ያተረፈው ነገር ከማን ተወስዶ ለማን እንደሄደ ሳይጠየቅ መሻሻል ተብሎ አይመዝገብ።

ጥያቄው ያረጀ የመሰለው ካለ ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቴክሳስ ያልተዳመጠ ጥጥ በማሳው ዳር እንደ ትልቅ ክምር የሚታመቅበት መኪና ተሠራ፤ ጥጡ መዳመጫ እስኪደርስ ተራውን እዚያው ይጠብቃል። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ለቃሚው መኪና ራሱ እየለቀመ፣ እየጠቀለለ፣ በፕላስቲክ እየሸፈነ ማሳው ላይ ጥሎት የሚሄድ ሆኗል። አንድ ሾፌር የብዙ ሰው ሥራ ይሠራል፤ የእርሻው ባለቤት ደስ ብሎታል። ነገር ግን የፕላስቲኩ ቁራጭ ከጥጡ ጋር በመዳመጫ አልፎ ቦንዳው ውስጥ ይገኝ ጀመር። የፈታዩ ፋብሪካ አቤት ይላል። እርሻው የቆጠበውን የሠራተኛ ደመወዝ ፋብሪካው በተበላሸ ክር ይከፍለዋል ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለንም፤ በሌላ በር ገብቶብናል እንጂ። በአዋሽ ሸለቆና በመተማ በኩል ጥጥ የሚለቀመው በእጅ ነው። በእጅ የተለቀመ ጥጥ በመኪና ከተለቀመው ይልቅ ከቅጠልና ከጭራሮ የጠራ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሀብታችን ነው። ግን ለቃሚው ጥጡን የሚያጭቀው በምን ውስጥ ነው? ሁላችን ማዳበሪያ በምንለው፣ ከፕላስቲክ በተሠራው ጆንያ ውስጥ ነው፤ አፉንም በፕላስቲክ ሲባጎ ያስረዋል። ጆንያው ሲያረጅ ይተለተላል፤ ትልታዩ ከጥጡ ጋር ይዳመጣል፣ ይታመቃል፣ ይፈተላል። ቀለም ቤት ሲደርስ ግን ይጋለጣል፤ የጥጥ ቀለም ያንን ፕላስቲክ አይዘውምና በጨርቁ ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ማን ነው? ለቃሚው! ከደጋ ወርዶ፣ በኪሎ እየተከፈለው፣ በዚያ ሐሩር የሚለቅመው ሰው ዝርክርክ ይባላል። ጆንያውን የመረጠው እርሱ ነው ወይ? ጥጡ ጠርቶ ቢመጣ በኪሎ የሚጨመርለት ነገር አለ ወይ? ካልተጨመረለት ለማን ብሎ ይጠንቀቅ?

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ከጥጥ ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት፣ በጥጥ ገመድ የሚታሰር። ብሎን የለው፣ ሃይድሮሊክ የለው፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ቀመር የለው። የሚያስፈልገው ከረጢቱን የሚገዛና ለጠራ ጥጥ የተሻለ ዋጋ ለለቃሚው የሚከፍል ሰው ብቻ ነው። ይህን ስንናገር ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይሄማ ኢንጂኒየሪንግ አይደለም ብለው ይስቃሉ። እንግዲያው ኢንጂኒየሪንግ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ቦንዳው ከታሰረ በኋላ ነው ማለት ነው።

በየዓመቱ የምናቀርበው የንድፍ ሥራ ማርክ የሚያገኘው በግፊቱ፣ በፍጥነቱና በዋጋው ነው። እኛ አንድ ወረቀት እንዲጨመርበት እንጠይቃለን። መኪናውን ማን ያንቀሳቅሰዋል፣ አቧራው በማን ላይ ያርፋል፣ የሚገዛ ነው ወይስ የሚከራይ፣ የተረፈው ኪራይና ደመወዝ በማን ኪስ ይገባል የሚለው በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ገጹም እንደ ሌላው ሁሉ ማርክ ይያዝበት።

ለሚቀጥለው የንድፍ ውድድርም አንድ ርዕስ እናቀርባለን። ለቃሚ በትከሻው የሚያነግተው፣ ከአቡጀዲ የተሰፋ፣ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል ከረጢት ይነደፍ፤ ከፈራጆቹም ሁለቱ ለቃሚዎች ይሁኑ። ርዕሱ ለዩኒቨርሲቲ ያንሳል የሚል መምህር ካለ ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም ሙሉ ገጽ እንለቅላቸዋለን።