ከተማው ሰፋ፤ ጣቢያው የት ቀረ?

የመንግሥት ሕንፃ አረጀ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው መፍትሔ አፍርሶ በመስታወት የተሸፈነ ፎቅ ማቆም ነው። የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቱም፣ ፖሊስ ጣቢያውም፣ የእሳት አደጋ ጣቢያውም በዚሁ ዓይን ይታያል፤ አሮጌው ያሳፍራል፣ አዲሱ ይመረቃል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለውም ከተማው ዳር የሚኖረው ሰው ነው።

የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን እንይ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት የነደፈው፣ ከቸርችል ጎዳና ራስጌ በ1950ዎቹ የተሠራው ሕንፃ ታድሶ ዛሬም ያገለግላል። የዚሁ አርክቴክት ሥራ የሆነው የአፍሪካ አዳራሽም እንዲሁ ታድሷል። በወጉ የተያዘ ሕንፃ ዕድሜ አይጥለውም። ጠጋኝ ያጣ ፎቅ ግን በጥቂት ዓመት አሳንሰሩ ይቆማል፣ መጸዳጃ ቤቱ ይቆለፋል፣ የባለጉዳይ ማህደር ኮሪደር ላይ ይከመራል።

ስለዚህ ያረጀው ሕንፃው ሳይሆን የእሳት አደጋ ጣቢያዎቹ አቀማመጥ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ነዋሪ የነበራት ከተማ ከዚያ ወዲህ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በኮዬ ፈጬ በኩል በኮንዶሚኒየም ተዘርግታለች። በእነዚህ ሰፈሮች ሰው ቀድሞ ይገባል፤ መንገዱ፣ ውሃውና ጥበቃው ዘግይቶ ይከተላል። እሳት ግን አይጠብቅም። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካልተያዘ ክፍሉን ሞልቶ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ከመሃል ከተማ ተነስቶ መንገድ ተዘግቶበት የሚደርስ መኪና፣ ሠራተኛው የቱንም ያህል ጀግና ቢሆን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንበታል።

መቅረብም ብቻውን አይበቃም። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበትና የሱቆቹ መጠጋጋት እሳቱን የመቆጣጠሩን ሥራ አክብዶታል። ጣቢያ ማለት ሕንፃው፣ መኪናው የሚያልፍበት መንገድና ቦቴው የሚሞላበት ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ከሦስቱ ፎቶ የሚነሳው ሕንፃው ስለሆነ በጀቱ ወደዚያ ያደላል።

አዲስ ሕንፃ የሚጠይቁ ሰዎች እውነት አላቸው። ለመኖሪያ በተሠራ የኪራይ ቤት ውስጥ ተፋፍጎ የሚሠራ የወረዳ ሠራተኛ ባለጉዳይን በቅጡ ማስተናገድ አይችልም፤ ማደሪያ የሌለው የእሳት አደጋ ሠራተኛም ሌሊቱን ነቅቶ አይጠብቅም። ጥያቄው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በአንድ ግዙፍ መሥሪያ ቤት ፋንታ በየአዲሱ ሰፈር ባለ አንድ ፎቅ ጣቢያ ይሠራ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የጣቢያው ቦታ ይከለል። የጥገና ገንዘብ ከግንባታው ጋር አብሮ ይመደብ።

ቀጣዩ ሕንፃ ሲመረቅ ነዋሪው የፎቁን ብዛት ቆጥሮ አያጨብጭብ። «ቤቴ ቢቃጠል በስንት ደቂቃ ትደርሱልኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ መልስ የሌለው ሹም ለሕዝብ ገና ምንም አልሠራም።