ትኬቱን ሌላ ሰው ከቆረጠልሽ መንገዱም ያንቺ አይደለም

ይድረስ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው አዳማ ሲሆን አንድ ፔንሲዮን ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። ወደ ሐረርም ወደ ሐይቆቹም የሚያልፉ ፈረንጆች እኛ ጋ ያድራሉ። ብዙዎቹ እኩዮቼ ናቸው። ከራሳቸው የሚበልጥ ቦርሳ አዝለው ይመጡና ማታ ማታ በረንዳ ላይ ስለ ታይላንድ፣ ስለ ቬትናም፣ ስለ ህንድ ያወራሉ። ስምንት ሰው ባንድ ክፍል ስለሚያድርበት ርካሽ ቤት፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጓዝ ባቡር፣ መንገድ ዳር ስለሚበላ ሩዝ ሲጫወቱ እኔ ቁልፍ እየሰጠሁ ልቤ አብሯቸው ይሄዳል። እኔ እኮ ከአዳማ ወጣሁ ብል አዲስ አበባና ቁልቢ ነው።

ታዲያ ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ «ታይላንድ መሄድ ከፈለግሽ ሰው አለኝ» አለኝ። ትኬቱን እነሱ ይችላሉ። በቱሪስት ቪዛ እገባለሁ። እንግሊዝኛ ስለምችል ኮምፒዩተር ላይ የደንበኛ አገልግሎት ሥራ ይሰጡኛል፣ በወር 1,000 ዶላር። በእረፍቴ ደግሞ አገሩን እዞራለሁ። ከእኔ የሚፈለገው ለ«ፕሮሰስ» 150 ሺህ ብር ብቻ ነው። የዕቁባችን የመጨረሻው ዕጣ የእኔ ነው፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ብሩም ልክ ያን ያህል ነው። ልጁ ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆኛል፤ ሰው ከሰማ ዕድሉን ይሻማብሻል ብሎኛል። እናቴ ግን ከሁኔታዬ ጠርጥራ አወጣጣችኝና «ከሄድሽ ልጅ ወልጄ ነበር አልልም» አለች። አባቴ በሕይወት የለም። እናቴን ሰምቼ ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ ስሰጥ ልኑር ወይስ ልሂድ? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ቁልፍ ያዥዋ፣ ከአዳማ

ውድ ቁልፍ ያዥዋ፣

ቶሎ ስላልሽ መልሱን ከፊት ላስቀድመው። በዚህ ልጅ በኩል አትሂጂ። ዕቁብሽንም አትስጪው። ምክንያቱን ሳልነግርሽ ብቀር ግን «ይሄም እንደ እናቴ ነው» ማለትሽ ስለማይቀር እስቲ አረፍ በይና እንጫወት።

በመጀመሪያ፣ አገር ማየት መፈለግሽ ነውር አይደለም። ቦርሳ አዝሎ መዞር የፈረንጅ ፈጠራ የሚመስላቸው አሉ። የእኛ ሰው ለገና ላሊበላ በእግሩ ሲሄድ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ሲወርድ፣ ባሌ ሼህ ሁሴን ድረስ ዱላውን ይዞ ሲጓዝ፣ አልፎ ተርፎም ኢየሩሳሌም ሲሳለም የኖረ ነው። ስንቁን አዝሎ፣ በየመንገዱ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ እያደረ። አንቺም ቁልቢን አይተሻል፤ መንገደኝነት በደምሽ አለ ማለት ነው።

እንግዶችሽ የሚያወሩት የእስያ ዙረት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ወጣቶች ከኢስታንቡል ተነስተው በኢራን፣ በአፍጋኒስታን፣ በፓኪስታንና በህንድ አድርገው በአሮጌ አውቶቡስ ኔፓል ድረስ ይሄዱ ነበር። በዚሁ መንገድ አውስትራሊያ ድረስ የተጓዙ አንድ የእንግሊዝ ባልና ሚስት በ1973 ስለ ርካሽ ጉዞ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። እንግዶችሽ በእጃቸው የሚይዙት «ሎንሊ ፕላኔት» የሚባለው መጽሐፍ ከዚያ የመጣ ነው። በ1979 የኢራን አብዮት ፈነዳ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ሶቭየት ኅብረት አፍጋኒስታን ገባች፤ መንገዱ ተዘጋ። መንገደኛው ግን አልቀረም፤ ወደ ታይላንድና ወደ ጎረቤቶቿ ዞረ። ባንኮክ ውስጥ ካኦ ሳን የሚባለው መንገድ የእነዚህ ባለ ቦርሳዎች መናኸሪያ ሆነ።

አሁን ልብ በይ። በረንዳ ላይ የሚያወሩልሽ የጨዋታውን ጣፋጭ ነው። ከኪሳቸው ያለውን አያወሩልሽም። የብዙዎቹ ፓስፖርት ብዙ አገር ያለ ቪዛ ወይም በቀላሉ ያስገባቸዋል፤ የእኛ ግን አብዛኛው በር ላይ ያስጠይቃል። የመመለሻ ትኬት አላቸው። ቢታመሙ የሚከፍልላቸው ኢንሹራንስ አላቸው። ብሩ ቢያልቅ አባት ይልካል። ሁለትና ሦስት ዓመት ሠርተው፣ ወይም ውትድርናቸውን ጨርሰው፣ ያጠራቀሙትን ይዘው ነው የወጡት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ከእነዚህ ሁሉ እንግዶችሽ መሀል ትኬቱን የማያውቀው ሰው ቆርጦለት የወጣ አለ? ማታ ጠይቂያቸው። መንገደኛ በገንዘቡ ይሄዳል። ትኬቱን ሌላ ሰው የቆረጠለት ግን ዕዳውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ዕዳው ደግሞ ጌታ አለው።

ወደ ልጁ ነገር እንምጣ። ያቀረበልሽ ወሬ አዲስ አይደለም፤ የብዙ ልጆቻችንን ኑሮ ያበላሸ ያው ወሬ ነው። ባንኮክ ኤርፖርት ላይ ስምሽን በወረቀት ጽፎ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። መኪና ውስጥ ትገቢያለሽ። ወደ ሥራው ቦታ እየተባለ ወደ ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፤ ሜሶት የምትባል የጠረፍ ከተማ ድረስ። ከዚያ ሞኤይ የሚባለውን ወንዝ በጀልባ መሻገር ነው። ከወንዙ ወዲያ ያለው ታይላንድ አይደለም፤ ምያንማር ነው፤ ሚያዋዲ ይባላል። መንግሥት ሳይሆን የታጠቁ ቡድኖች የሚያዙበት አካባቢ ነው። በግንብና በሽቦ በታጠረ ግቢ ውስጥ ፓስፖርትሽን ይቀበሉሻል። «የደንበኛ አገልግሎት» ያሉሽ ሥራ ያኔ ይገለጣል፤ በሐሰት ፎቶና በሐሰት ስም የባዕድ አገር ሰው በፍቅር እያጠመዱ ገንዘቡን መዝረፍ ነው። እምቢ ያለ ይደበደባል። ልውጣ ያለ «ለገዛንህ የከፈልነውን መልስ» ይባላል። ያቺ በነጻ የተቆረጠችልሽ ትኬት እዚያ ዋጋ ታወጣለች።

ይህ የቡና ላይ ወሬ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ምያንማር ውስጥ ቢያንስ 120 ሺህ፣ ካምቦዲያ ውስጥ ደግሞ 100 ሺህ ያህል ሰዎች ተገደው በዚህ ሥራ ላይ እንደሚገኙ ገልጿል። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ታይላንድ ወደዚያ አካባቢ የምትሰጠውን መብራት፣ ነዳጅና ኢንተርኔት ቆረጠች። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. 260 ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ለታይላንድ ወታደሮች ተሰጡ። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማን አገር ልጆች ይመስሉሻል? የእኛ። እንግሊዝኛ የሚችሉ፣ የተማሩ፣ ኮምፒዩተር የሚነኩ፣ ልክ እንዳንቺ ዓለምን ለማየት የጓጉ ልጆች። ሞኝ ስለሆኑ አይደለም የተያዙት፤ ተስፋ ስለነበራቸው ነው። ደላላ ደግሞ የሚነግደው በሰው ተስፋ ነው።

የሰፈርሽ ልጅ ራሱ ይህን ላያውቅ ይችላል። እሱንም ሌላ ሰው በኮሚሽን አታሎት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አትሳደቢው፤ ግን በደብዳቤሽ ውስጥ ራስሽ የጻፍሻቸውን ምልክቶች ቁጠሪያቸው። አንደኛ፣ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መሥራት በታይላንድ ሕግ ክልክል ነው፤ እውነተኛ መሥሪያ ቤት ቢሆን ከመነሳትሽ በፊት የሥራ ቪዛ ያወጣልሽ ነበር። ሁለተኛ፣ ለእንግዳ ተቀባይ ያለ ፈተናና ያለ ቃለ መጠይቅ 1,000 ዶላር የሚከፍል ድርጅት ስም የለውም፤ ስሙን ጠይቂው፣ «ስትደርሺ ታውቂዋለሽ» ካለሽ አበቃ። ሦስተኛ፣ ትኬቱን የሚችሉ ሰዎች 150 ሺህ ብር ለምን ይፈልጋሉ? አራተኛውና ትልቁ፣ «ለማንም አትናገሪ» ያለሽ ነገር ነው። ጥሩ ዕድል ከእናት አይደበቅም። ውጭ አገር ለሥራ መሄድ ከፈለግሽ መንገዱ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ እንጂ የሰፈር ልጅ አይደለም። ሰውን አታሎ ለብዝበዛ መላክ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው።

«እና እናቴ ልክ ናት?» ትዪኝ ይሆናል። በግማሹ ልክ ናት። አደጋውን አሽትታለች። ነገር ግን አደጋውን ከምኞትሽ ጋር አንድ ላይ ጠቅልላ ልትጥለው ነው፤ እዚህ ላይ አንስማማም። ምኞትሽን አትጣዪ፤ መንገዱን ለውጪ።

እስቲ ከደጃፍሽ ጀምሪ። አንቺ የምትኖሪው ሰው ከሩቅ አገር ከፍሎ የሚመጣበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ፈረንጆቹ ቁልፍ መልሰውልሽ የት ነው የሚሄዱት? አራት ቀን ፈቃድ ውሰጂ፤ አንዲት የምታምኛት ጓደኛ ያዢ፤ ከአዳማ መናኸሪያ በጠዋት ተነሺ። በሞጆ አድርገሽ የቆቃን ሐይቅ እያየሽ በመቂ በኩል ዝዋይ ትገቢያለሽ፤ አሁን ባቱ የምንላት። ደምበል ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ጥብስ ብዪ። በጀልባ ቱሉ ጉዶ ደሴት ድረስ ተሻገሪ፤ ዮዲት አገሩን ስታጠፋ ታቦተ ጽዮን ሸሽታ የተቀመጠችው እዚያ ነው ይላሉ አባቶች፤ የዛይ ሕዝብም እዚያ ይኖራል። ዝዋይ ውስጥ ግን አትዋኚ፤ ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለ። ለዋና ላንጋኖ አለልሽ፤ ውሃው ቡናማ መሆኑ አያስደንግጥሽ። ከዚያ አብያታና ሻላ። የአብያታ ውሃ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነው፤ ሳያልቅ እዪው። ሻላ ደግሞ 266 ሜትር ድረስ ይጠልቃል፤ በስምጥ ሸለቋችን ካሉት ሐይቆች ጥልቁ እሱ ነው፤ ዳር ዳሩን ፍል ውሃ ይፈላል። መጨረሻ ላይ ሻሸመኔ፤ ጃንሆይ በሰጧቸው መሬት ላይ ሊኖሩ ባሕር አቋርጠው የመጡትን ጃማይካውያን ሰፈር ታያለሽ። እነሱም እኮ መንገደኞች ነበሩ።

ይህን ጉዞ እንደ ልምምድ ቁጠሪው። ከመነሳትሽ በፊት የመንገዱን ሰላም ሹፌሮችን ጠይቂ። ቀን ቀን ብቻ ተጓዢ፤ ሳይመሽ አልጋ ያዢ። መታወቂያሽን አትርሺ። ብርሽን ሁለት ቦታ ከፍለሽ ያዢ። ማታ ማታ ለእናትሽ ደውዪና የት እንዳለሽ ንገሪያት። በሚኒባስ ተጨናንቆ መሄድ፣ ውሃ በሌለበት ፔንሲዮን ማደር፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራትና ማንን ማመን እንደሚገባ ማወቅ፣ ይሄ ነው የመንገደኝነት ትምህርቱ። አራቱ ቀን ካስመረረሽ በትንሽ ወጪ ዳንሽ። ካስደሰተሽ ደግሞ እናትሽ በሰላም ሄዳ በሰላም የምትመለስ ልጅ እንዳላት አየች ማለት ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ይህ ከመቶ ክርክር ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ የማትጠይቀው ጎረቤታችን ኬንያ አለች። ከዚያ ደግሞ እስያ። አትስቂ፤ የምሬን ነው። አየር መንገዳችን ዴልሂም ሙምባይም ባንኮክም ይበራል። ራስሽ የቆረጥሽው የደርሶ መልስ ትኬት፣ ከአገሩ መንግሥት ራስሽ ጠይቀሽ ያገኘሽው ቪዛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ ያለ ማንም ምጽዋት ለሁለትና ሦስት ሳምንት የሚያቆይሽ ገንዘብ፣ እና የምታርፊበትን አድራሻ የያዘች እናት። እነዚህ አምስቱ ሲሟሉ ሂጂ። ዓመት ይፈጅ ይሆናል፣ ሁለት ዓመትም ይፈጅ ይሆናል። እንግዶችሽም የፈጀባቸው ያንኑ ያህል ነው።

ለሌሎች አንባቢዎቻችን አንድ ቃል። ልጃችሁ ወይም እህታችሁ በዚህ መንገድ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ፣ ወይም «ገንዘብ ላኩልኝ» እያለች ካለቀሰች፣ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። ገንዘቡን ለደላላ ከመላካችሁ በፊት ለፖሊስና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አመልክቱ፤ የዓለም አቀፉን የፍልሰት ድርጅት ቢሮም አንኳኩ። የላከላትን መልእክት፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የደላላውን ስልክ አትደምስሱ።

አንቺ ግን ቁልፍ ያዥዋ፣ ዕቁቡ ሲወጣ ብሩን በስምሽ ባንክ አስገቢ። ዛሬ ማታ ደግሞ ከእናትሽ ጋር ቡና አፍልታችሁ ይህን ጋዜጣ አንብቢላት። የላንጋኖውን ክፍል ከፍ አድርገሽ አንብቢው፤ ማን ያውቃል፣ አብራሽ ልትሄድ ትችላለች።