ቀዩን ወይን አታሙቁት

ባለፈው ኮተቤ የምርቃት ድግስ ነበረን። አጎቴ ሁለት ዓይነት ቀይ ወይን አስመጥቷል። ከውጭ የገባው ለክብር እንግዶች ጠረጴዛ፣ ባቱ የተጠመቀው ደግሞ ከኮካ ጋር ለእኛ ለልጆቹ። «ይሄ የራሳችን ነው፣ ያው ምን ይደረግ» አለኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ያናደደችኝ ያቺ «ምን ይደረግ» ናት።

የአገር ውስጥ ቀይ ወይን ላይ የሚቀርበው ክስ ሁሌም አንድ ነው፤ «ይከብዳል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል።» እሺ፣ ወይኑ የሚበቅልበትን ቦታ እንይ። ባቱ ከአዲስ አበባ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል እዚያ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሽያ» ብሎ ለገበያ አወጣ። ፀሐይ የጠገበ ፍሬ ስኳሩ ይበዛል፣ ጉምዛዜው ይቀንሳል። ስኳሩ ሲብላላ አልኮል ይሆናል። ስለዚህ የሞቃት አገር ቀይ ወይን ሞላ ያለ፣ የበሰለ ፍሬ የሚሸት፣ ምላስ ላይ ለስላሳ ነው። ጠባዩ ይሄ ነው። የቦርዶ ወይን ስላልሆነ ጥፋተኛ የሚባለው ለምንድን ነው?

የሚያቃጥለው ግን አቀራረባችን ነው። «ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም» የሚል ሕግ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ማሞቂያ ከሌለው የአውሮፓ የድንጋይ ቤት። እዚያ «የክፍል ሙቀት» ማለት ብርድ ነበር። እኛ ሕጉን ተቀብለን መገናኛ አካባቢ ባለ ቡና ቤት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከቡና ማሽኑ ጎን ጠርሙስ እናቆማለን። ወይን ሲሞቅ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ይመታል፤ ሚጥሚጣ ያለው ክትፎ ሲጨመርበት ደግሞ አፍ ይነዳል። ከዚያ «የኢትዮጵያ ወይን አይረባም» ይባላል።

ኢምፖርትዱስ? በኮንቴይነር ጅቡቲን አልፎ፣ ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ የመጣ ጠርሙስ ስሙ እንጂ ጣዕሙ ፈረንሳይ ቀርቷል። የምንከፍለው ለመለያው ነው።

አልዋሽም፤ እዚህ የሚጠመቀው ሁሉ ጥሩ አይደለም። ስኳሩ ጥርስ የሚያሳክክ አለ። ጉደርን በኮካ መጠጣትም ኃጢአት አይደለም፣ እኔም ጠጥቻለሁ። ግን በኮካ ብቻ የቀመሳችሁትን ወይን አትፍረዱበት። ጠጅን በብርሌ፣ ቀዝቀዝ አድርጎ ለመጠጣት የማንንም ፈቃድ ያልጠየቀ ሕዝብ ወይን ላይ ሲደርስ ፋራ እንዳይባል የሚጨነቀው ምን ነክቶት ነው?

ከየካ ተራራ ሥር የምትኖሩ ደግሞ ሰበብ የላችሁም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሲመሽ የሚወርደው ብርድ በነፃ ነው። ጠርሙሱን በረንዳ ላይ አውጡት፣ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። በጥብስ ቅመሱት። ካልጣማችሁ ያኔ ስደቡት።

የታናሽ እህቴ ምርቃት ሐምሌ ላይ ነው። የክብር እንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ የባቱውን የማስቀምጠው እኔ ነኝ፤ ቀዝቅዞ።