«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ሐምሌና ነሐሴ ለወላጅ ከባድ ወራት ናቸው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ዝናቡ ከጉና ተራራ በኩል ጠቁሮ ሲመጣ ልጅ ደጅ አይውልም፤ ቀኑ የሚያልፈው ኮምፒውተር ፊት ነው። በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በአካባቢው ደጋ ዝናብና መብራት እንደማይስማሙ ነዋሪው ያውቀዋል። ነጎድጓዱ ሲበረታ መብራቱ ይሄዳል፣ ከመብራቱ ጋር ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ከኮምፒውተሩም ጋር አንዳንዴ ልጁ ለወራት የደከመበት ነገር አብሮ ይሄዳል።

በቡሄ ሰሞን ከደብረ ታቦር አንዲት እናት ደወሉልኝ። የ13 ዓመት ልጃቸው ማይንክራፍት በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ሁለት ክረምት ሙሉ ጋፋትን ሲገነባ ቆይቷል። ጋፋት ለከተማዋ ልጆች ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት፣ ከከተማው አቅራቢያ የሚገኝ ቦታ ነው። ልጁ ጉብታውን፣ የባለሙያዎቹን ቤቶች፣ ማቅለጫውን ሁሉ በአራት ማዕዘን ጡብ እያነባበረ ሠርቶታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ድንገት ሄደ። ሲመለስ ጨዋታው ተከፈተ፤ ጋፋት ግን አልከፈት አለ። ኮምፒውተሩን ጥገና ቤት ወሰዱት። መልሱ አጭር ነበር፦ «ፎርማት ይደረግ፣ ጨዋታውን እንደ አዲስ እንጭንላችኋለን።»

«ወንድሜ፣ ልጁ እህል አልቀምስም ብሏል» አሉኝ እናትየው። «እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ልቅሶ ነው የሆነው።»

ፎርማት ማድረግ ኮምፒውተሩን ያስነሣዋል፤ በዚህ ረገድ ጠጋኙ አልዋሸም። ነገር ግን ቤቱ ተሰነጠቀ ተብሎ ቤቱን ከነዕቃው እንደማፍረስ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን የሚቀበለው ጨዋታን እንደ አንድ ነገር ስለሚያየው ነው። በዲስኩ ላይ ግን አንድ ነገር አይደለም፤ ቢያንስ ሦስት ነው፣ ሦስቱም በተለያየ ቦታ ይቀመጣሉ።

አንደኛው ጨዋታው ራሱ ነው፤ ከፍላሽ የተገለበጠው ወይም ከኢንተርኔት የወረደው ብዙ ጊጋ ባይት የሚይዘው ክፍል። ይህ ቢጠፋ እንደገና ይገኛል። ሁለተኛው ልጁ የሠራው ነው፤ የደረሰበት ደረጃ፣ የገነባው ዓለም፣ የመረጣቸው ማስተካከያዎች። መጠኑ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ ምትክ ግን የለውም። ሦስተኛው ጨዋታው ስለ ራሱ የሚጽፈው መዝገብ ነው፤ ሎግ ይሉታል። ስንት ሰዓት ተነሣሁ፣ ምን ከፈትኩ፣ የት ላይ ወደቅሁ እያለ በተራ ጽሑፍ ያሰፍራል። ጠጋኙ ከማንም በፊት ማንበብ የነበረበት ይህንን ነበር።

ከእናትየው ጋር በስልክ ያደረግነው እንዲህ ነው። የማይንክራፍት የኮምፒውተር እትም (ጃቫ የሚባለው) የልጁን ሥራ የሚያስቀምጠው አፕዳታ በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ይህን ፎልደር ይደብቀዋል። በዓይን ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ስለሆነ አቋራጩን ተጠቀምን። የዊንዶውስን ቁልፍና የአርን ፊደል አንድ ላይ ሲጫኑ ትንሽ ሳጥን ይመጣል። እዚያ ላይ አፕዳታ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከፊቱና ከኋላው የፐርሰንት ምልክት አድርጎ ጽፎ ኢንተር መጫን ነው። በሚከፈተው መስኮት ውስጥ በነጥብ የሚጀምር ማይንክራፍት የሚል ፎልደር አለ። በውስጡ ሴቭስ ይገኛል። በሴቭስ ውስጥ ደግሞ ልጁ ለዓለሙ በሰጠው ስም፣ ጋፋት ተብሎ፣ ተቀምጦ አገኘነው።

እናትየው ሊከፍቱት ቸኮሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ፎልደሩ እንዳለ ወደ ፍላሽ ይገልበጥ አልኩ። በማንኛውም የፋይል ጥገና ላይ ከዚህ የሚቀድም ሥራ የለም፤ ቅጂ ካለ የቱንም ያህል ብንሳሳት ወደ ነበርንበት እንመለሳለን።

በዓለሙ ፎልደር ውስጥ ሌቭል የሚባል፣ ቅጥያው ዳት የሆነ ፋይል አለ። ጨዋታው ዓለሙን ለመክፈት መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። መብራት የሄደው ጨዋታው በዚህ ፋይል ላይ እየጻፈ ሳለ ከሆነ ፋይሉ ባዶ ወይም የተበላሸ ሆኖ ይቀራል። የእሳቸውም መጠኑ ዜሮ ሆኖ ነበር። ነገር ግን የጨዋታው ሠሪዎች ይህን አስቀድመው ስላሰቡበት ከጎኑ ሌላ ቅጂ ያስቀምጣሉ፤ ስሙ ያው ሆኖ መጨረሻው ላይ ኦልድ የሚል ቃል ተጨምሮበታል። የተበላሸውን ስሙን ቀየርነው፣ ከአሮጌው ላይ ኦልድ የሚለውን አነሣን። (ቅጥያው የማይታይዎት ከሆነ በፋይሎቹ መስኮት ላይ ቪው በሚለው ስር ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ምልክት ያድርጉበት።) ጨዋታውን ሲከፍቱት ጋፋት ተመለሰ። ጡቦቹ ቀድሞውንም አልተነኩም ነበር፤ የሚቀመጡት ሪጅን በሚባል ሌላ ፎልደር ነው። የጠፋው ልጁ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሰበሰበው ዕቃ ብቻ ነበር። በአዲሶቹ እትሞች ጨዋታው ራሱ «ከመጠባበቂያው ልመልሰው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በብዙ ቤት ያሉት ግን አሮጌዎቹ ናቸው።

ሁሉም ጨዋታ እንደዚህ አይደበቅም። በየቤቱ የማይጠፋው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የልጁን ደረጃ የሚያስቀምጠው ዶክዩመንትስ ውስጥ፣ በጨዋታው ስም በተሰየመ ዩዘር ፋይልስ የሚል ፎልደር ነው። እዚያ እስከ ስምንት የሚደርሱ የተቀመጡ ጉዞዎችና አንድ የማስተካከያ ፋይል አሉ። በዚህ ጨዋታ ማውሱ አልታዘዝ የሚልበት የታወቀ ችግር አለ። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ያንን የማስተካከያ ፋይል ከቦታው ማንሣት ብቻ ነው፤ ጨዋታው ሲነሣ አዲስ ይሠራል፣ ስምንቱ ጉዞዎች ግን አይነኩም። ፔስ 2013 የሚጫወት ልጅ ካለ ደግሞ እዚያው ዶክዩመንትስ ውስጥ ኮናሚ የሚል ፎልደር ይፈልጉ። በስቲም የተገዙ ጨዋታዎች ላይ ጨዋታው ራሱ የተጫነበትን ፎልደር ለማግኘት ፍለጋ አያስፈልግም፤ በዝርዝሩ ውስጥ የጨዋታውን ስም በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ማኔጅ፣ ከዚያም ብራውዝ ሎካል ፋይልስ ማለት ይበቃል። ከፍላሽ ተገልብጦ ዴስክቶፕ ላይ በምልክት ብቻ የሚታይ ጨዋታም እንዲሁ ነው፤ ምልክቱን በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ኦፕን ፋይል ሎኬሽን ሲሉት ቤቱን ራሱ ያሳያል።

ስለ ፍላሽ ካነሣን አይቀር፦ ከኢንተርኔት ቤት የመጣ ፍላሽ ተሰክቶ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረስ ደብቋቸው ነው። ሾርትከቶቹን አይክፈቱ። ቪው ከሚለው ስር ሂደን አይተምስ የሚለውን ሲመርጡ እውነተኞቹ ደብዘዝ ብለው ብቅ ሊሉ ይችላሉ።

አሁን ወደ መዝገቡ። በማይንክራፍት ፎልደር ውስጥ ሎግስ የሚል አለ፤ ሌተስት የሚለው ፋይል የመጨረሻውን ጨዋታ ታሪክ ይዟል። ጨዋታው በድንገት ከወደቀ ደግሞ ክራሽ ሪፖርትስ በሚለው ፎልደር ውስጥ በቀንና በሰዓት የተሰየመ ጽሑፍ ይተዋል። በኖትፓድ ይከፈታል። መጀመሪያው ላይ ሠሪዎቹ ያስገቧት፣ በየጊዜው የምትለዋወጥ የቀልድ መስመር አለች፤ ልጆች በጣም ይወዷታል። ከእሷ በታች ያለው ረጅም ነገር ሊያስፈራ ይችላል፣ ግን ሁሉንም መረዳት አያስፈልግም። ዲስክሪፕሽን የሚለውን መስመርና ከሥሩ ያሉትን ሁለት ሦስት መስመሮች ያንብቡ። አውት ኦፍ ሜሞሪ የሚል ካለ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ ለጨዋታው የተመደበው ሜሞሪ አልበቃም ማለት ነው። የዕይታውን ርቀት ከጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ልጁ የጨመረው ማሻሻያ፣ ሞድ የሚሉት፣ ስሙ እዚያ ከተጠራ ደግሞ ተጠርጣሪው ተገኝቷል።

ችግሩ በቤት ካልተፈታ ለሠሪዎቹ ማሳወቅ ይቻላል፤ እኔ ይህን ሥራ ለልጁ ብተወው እመርጣለሁ። «ጨዋታው አይሠራም» የሚል መልእክት ለማንም አይጠቅምም። ሠሪው ከስቶክሆልምም ሆነ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማወቅ የሚፈልገው ምን እያደረግህ ነበር፣ ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ፣ በእርግጥ ምን ሆነ፣ ደግመህ ስትሞክር እንደገና ይከሰታል ወይ፣ የጨዋታውና የዊንዶውሱ እትም ስንተኛ ነው የሚለውን ነው። ይህን በአምስትና ስድስት ዓረፍተ ነገር አሳጥሮ ከመዝገቡ ጋር ማያያዝ የቻለ ልጅ፣ ሐኪም ፊት ሲቀርብም «ያመኛል» ብሎ ብቻ አይቆምም። ልብ ይበሉ፦ ቁልፉ ተሰብሮ ከተገለበጠ ጨዋታ የተላከ አቤቱታ ሰሚ አያገኝም፤ ሠሪው የማያውቀውን የተቀየረ ነገር ሊጠግን አይችልም።

ወላጅ ከመላኩ በፊት አንድ ነገር ይይ። መዝገቡ ውስጥ የፋይሎቹ አድራሻ ስለሚጻፍ የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ስም አብሮ ይወጣል፤ ያ ደግሞ በብዙ ቤት የልጁ ወይም የአባቱ ሙሉ ስም ነው። በኖትፓድ ፋይንድ ብሎ በሌላ ቃል መተካት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ «ልርዳህ፣ ፎልደርህን ሙሉውን ላክልኝ» የሚል የማይታወቅ ሰው ነው። በማይንክራፍት ፎልደር ውስጥ የልጁን አካውንት የመግቢያ መረጃ የያዘ ፋይልም አለ፤ እሱን የላከ ልጅ የቤቱን ቁልፍ ሰጥቷል። የሚላከው መዝገቡ ብቻ ነው።

ስልክ ላይ ነገሩ ይለያል። ቅኔ ጌምስ የሠራውን ኩኩሉን የሚጫወት ልጅ ካለዎት፣ ከገበሬው እጅ የምታመልጠዋ ዶሮ ድንገት ብትቆም ፎልደር ፍለጋ አይግቡ። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ የአፕሊኬሽኖች ፎልደር ለተራ የፋይል መክፈቻ በአብዛኛው ዝግ ነው። ለሠሪዎቹ የሚጠቅመው የስልኩ ሞዴልና የአንድሮይዱ እትም ነው፤ ሁለቱም በሴቲንግስ ውስጥ አባውት ፎን ከሚለው ይገኛሉ። የጨዋታውን እትም ደግሞ አፕስ ከሚለው ስር ያገኙታል። የሆነውን የሚያሳይ ስክሪንሾት ይጨምሩበት። እዚያው ላይ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ቁልፎች አሉ። ክሊር ካሽ ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ ያጠፋል፤ ልጅዎ ሳያኮርፍ ሊሞክሩት ይችላሉ። ክሊር ዳታ ግን የደረሰበትን ሁሉ ይጠርጋል። በስልክ የሚጫወቱት ማይንክራፍት ከሆነ፣ ጨዋታውን አጥፍቶ እንደገና መጫንም ዓለሙን ይዞት ይሄዳል። ከማጥፋትዎ በፊት ከዓለሙ ስም ጎን ያለውን የእርሳስ ምልክት ተጭነው፣ ወደ ታች ወርደው ኤክስፖርት ወርልድ የሚለውን ይምረጡ፤ አንድ ፋይል ሆኖ ይወጣል፣ በቴሌግራም ለራስዎ ልከው ሊያስቀምጡት ይችላሉ።

ፕሌይስቴሽን ያለባቸው ቤቶች ደግሞ ፍላሽ ይበቃቸዋል። በፕሌይስቴሽን 3 እና 4 ላይ የተቀመጠው ጨዋታ ከማሽኑ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል፤ የራሱ የፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታ ግን እንደዚህ ለብቻው ወደ ፍላሽ አይገለበጥም፣ በአብዛኛው በክፍያ የሚገኘውን የኢንተርኔት ማስቀመጫ ይጠይቃል። ኢንተርኔቱ በሚቆራረጥበት ከተማ ሁለተኛ እጅ ማሽን ሊገዙ ካሰቡ፣ ይህን ከዋጋው ጋር ያስቡት።