የሚጠፋውና የሚመለሰው ምንድን ነው?

ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1846 በቦስተን ከተማ፣ ሕመምተኛን ኤተር እንዲያሸት በማድረግ ከቢላዋ ሥቃይ ማሳረፍ እንደሚቻል በሐኪሞች ፊት ካሳየ ወዲህ፣ የሰውን ንቃተ ኅሊና ለጊዜው ማጥፋትና መልሶ ማምጣት በየሆስፒታሉ የዕለት ተግባር ሆኗል፤ ነገር ግን በማደንዘዣው የሚጠፋውና ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚመለሰው ነገር ባሕርዩ ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ መድኃኒቱን በሚሊግራም መጥኖ የሚሰጠው ሐኪም እንኳ እርግጠኛ መልስ የለውም።

አባቶቻችን ሊቃውንት የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት (የምታስብ፣ የምትናገር፣ ሕይወት ያላት) ናት ብለው ሲያስተምሩ ስለ ግብሯ መመስከራቸው ነው እንጂ፣ ከሥጋ ጋር የተዋሐደችበትን ምሥጢር መርምረን ጨረስን ማለታቸው አልነበረም። የዘመኑ ሳይንስ ግን ምርምሩን ሊጨርስ ተነሥቶ፣ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ያሉትን አንጎል እየፈተሸ፣ ብርሃን ከዓይን ተነሥቶ በየትኛው መንገድ ወዴት እንደሚደርስ ጠንቅቆ ይነግረናል፤ ያ ሁሉ የኤሌክትሪክና የኬሚካል ሩጫ ጽጌ ረዳ ስናይ የሚሰማንን ያን ቅላት ስለ ምን እንደሚያስገኝ ግን አይነግረንም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ ይህን አስቀድሞ አይቶ በ1714፣ የሚያስብ ማሽን ቢኖርና እንደ ወፍጮ ቤት ውስጡ ገብተን ብንመለከት፣ እርስ በርሱ የሚገፋፋ ዕቃ እንጂ ሐሳብ የሚባል ነገር እንደማናገኝ ጽፏል። ክሪስቶፍ ኮክ የተባለው የአንጎል ተመራማሪም በ25 ዓመት ውስጥ የንቃተ ኅሊና መሠረት በአንጎል ውስጥ ተለይቶ ይታወቃል ብሎ በ1998 ከፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ ጋር በወይን ጠጅ ተወራርዶ፣ በ2023 ተረትቶ ወይን ጠጁን ከፍሏል፤ መረታቱን ባደባባይ ማመኑ ግን ያስመሰግነዋል።

በእኔ አስተያየት ጉድለቱ የመሣሪያ ማነስ አይደለም። ሳይንስ ድል የነሣው ተመልካቹን ከሒሳቡ አውጥቶ የሚታየውን ብቻ በመለካት ነውና፣ ያንኑ ያወጣውን ተመልካች ዛሬ በዚያው መለኪያ ሲፈልገው ቢያጣው አያስደንቅም።

ነገሩ የፈላስፎች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በ2006 የአንጎል ተመራማሪው ኤድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ ስለ አንዲት ሴት ያሳተሙትን ይመልከት፤ በመኪና አደጋ ተጎድታ ምንም አታውቅም የተባለችውን ይህችን ሴት ቴኒስ ስትጫወቺ በሐሳብሽ ሣዪ ቢሏት፣ አንጎሏ በምርመራው መሣሪያ ላይ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው አንጎል ሲሠራ ታየ። እንግዲህ ራሱን ከሳተ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የምትቆሙ ሐኪሞችና አስታማሚዎች፣ አይሰማም ብላችሁ በላዩ ላይ ስለ ሞቱና ስለ ውርሱ አትነጋገሩ።