ስንት ገጽ ይወጣዋል?

ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በደብተር የጻፉትን 400 ገጽ አሳዩኝ። ስለ መተማ ቆላ ነው፦ ስለ ሰሊጡ፣ ለአጨዳ ከደጋ ስለሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ አፄ ዮሐንስ ስለወደቁበት የ1881ዱ ጦርነት። ማተሚያ ቤት ደውለው ዋጋ ሲጠይቁ «ስንት ገጽ ነው?» ተባሉ። «400» አሉ። የተነገራቸው ዋጋ አስደንግጧቸው ደብተሮቹን ሳጥን ውስጥ ቆልፈዋቸው ነበር።

ይህ ያንገበግበኛል። የደብተር ገጽና የመጽሐፍ ገጽ አንድ አይደለም። በቃል ብዛት መገመትም ለአማርኛ አያስተማምንም፤ «ስላልመጣችሁልን» ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ እንግሊዝኛው ግን ስድስት ሰባት ቃል ይደረድርበታል። የሚያዋጣን ፊደል መቁጠር ነው።

የቆመ ሰሊጥ ስንት ኩንታል እንደሚወጣው የሚገምት ሰው የማሳውን ዳር ብቻ አይቶ አይፈርድም። እኛም ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ደብተር ገጽ እየመረጥን ቆጠርን። ክፍት ቦታውና ነጥቡ ጭምር፣ በአማካይ በመስመር 28 ፊደል፣ በገጽ 24 መስመር ሆነ። በ400 ሲባዛ 268,800። ንግግር የበዛበት ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ አጫጭሩንም መስመር እንደ ሙሉ እንይዘው ነበር፤ በኅትመትም ያው አንድ መስመር ይይዛልና።

ቀጥሎ መጠኑንና የፊደሉን ልክ የወደዱትን አንድ መጽሐፍ አመጡ። በገጹ 30 መስመር፣ በመስመሩ 38 ፊደል፤ 1,140 ማለት ነው። ስናካፍለው 236 ገጽ። ምዕራፎቹ በአዲስ ገጽ ሲጀምሩ ለሚተርፈው ባዶ ቦታ 6፣ ለርእስና ለማውጫ 4 ጨመርን። 246።

ብዙ ጊዜ መጽሐፍ የሚታተምበት ትልቁ ወረቀት በሁለት ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። ስለዚህ 246ቱ ገጽ 256 ሆኖ ይታተማል፤ ለ10 ባዶ ገጽ ይከፈላል። 6 ገጽ ቢቀነስ ግን ልክ 240 ላይ ያርፋል። ፊደሉን አሳንሱት የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ አልስማማም። ማታ በደካማ መብራት የሚያነበውን ሰው ዓይን ማድከም ነው።

መምህሩ ጥቂት አሰቡ። «የቀን ሠራተኛውን አልነካም፤ የእነሱን የጻፈ የለም» አሉ። ሌሎች ደጋግመው ከጻፉት ከጦርነቱ ምዕራፍ ላይ ለመቀነስ እስክሪብቷቸውን አነሱ።